ይሉኝታና ዝምታ፦ ከማኅበራዊ ሥነ ልቡና ትምህርት ምን እንማራለን?

(በማኅበራችን የአሥረኛ ዓመት በዓል ላይ በአንድ አባላችን የተደረገ ንግግር። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



 በሰው አገር አንድ ማኅበር መሥርቶ አሥር ዓመት ማቆየት ቀላል ነገር አይደለም። በዚህችው በአትላንታ ብዙ ማኅበራት በጭብጨባ ተቋቁመው በሁለተኛው ዓመት በሩን የሚከፍትላቸው ሰው እንዳጡ የምናውቀው ነው። የእኛ እዚህ የደረሰው ቀንና ሌሊት በደከሙ ሰዎች ብርታት ስለ ሆነ፣ ለእነርሱ ምስጋና ይገባቸዋል።

የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ዩኒቨርሲቲ ከተማርከው ለወገን የሚጠቅመውን አካፍለን» ብሎ በጠየቀኝ ጊዜ ማመንታቴ አልቀረም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶች፣ ነርሶችና መምህራን ተቀምጠዋል። እኔ ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁኝ የታክሲ ሾፌር ነኝ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ተምሬ በዲቪ ወደዚህ አገር መጣሁ። እዚህም ቀን እየነዳሁ ማታ ማታ የሥነ ልቡና ትምህርት ለዓመታት ተከታተልኩ። ኋላ ቤተሰብ ሲሰፋ ትምህርቱ ቆመ፣ መጻሕፍቱ ግን መኪናዬ ውስጥ ቀሩ። ኤርፖርት ወረፋ ይዤ ስጠብቅ የማነባቸው እነርሱን ነው። ስለዚህ የምናገረው እንደ ምሁር ሳይሆን፣ የተማረውን በየቀኑ ከሰው ጋር ሲውል እንደሚያመሳክር ሰው ነው።

ትምህርቱ ምንድን ነው?

ሳይኮሎጂ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የአእምሮ ሕመም ነው። ልጃችን «ሳይኮሎጂ ላጠና ነው» ብሎ ሲመጣ፣ «የእብድ ትምህርት ምን ያደርግልሃል? ነርሲንግ ወይም ኮምፒዩተር አትማርም?» እንላለን። እርግጥ ነው፣ ሕመምን የሚመረምርና የሚያክም የሥነ ልቡና ዘርፍ አለ፤ እጅግም አስፈላጊ ነው። ዛሬ የማወራው ግን በእንግሊዝኛ ሶሻል ሳይኮሎጂ፣ በእኛ ቋንቋ ማኅበራዊ ሥነ ልቡና ስለሚባለው ነው። ይህ ትምህርት የሚያጠናው ጤነኛውን ሰው ነው። ጥያቄውም፣ አንድ ሰው ብቻውን ሲሆን የሚያደርገውና ከሰው ጋር ሲሆን የሚያደርገው ለምን ይለያያል? የሚል ነው።

ዕድሜው ረጅም አይደለም። በ1898 ኖርማን ትሪፕሌት የተባለ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ፣ ብስክሌት ነጂዎች ለብቻቸው ከሚነዱበት ጊዜ ይልቅ ከሌላ ነጂ ጋር ሲሽቀዳደሙ እንደሚፈጥኑ አስተዋለና ነገሩን በልጆች ላይ በሙከራ ፈተነው። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱን ካሳደጉት ታላላቅ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ እንደ እኛው ስደተኞች ነበሩ። ኩርት ሌዊን ናዚዎች ጀርመንን ሲይዙ በ1933 ሸሽቶ አሜሪካ የገባ አይሁዳዊ ነው። ሰለሞን አሽ ዋርሶ ተወልዶ በ1920 ገና በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ኒው ዮርክ የመጣ ነው። ሙዛፈር ሸሪፍ የቱርክ ተወላጅ ነው። ከሁለት አገር ሰው ጋር የኖረ ሰው፣ አንዱ ዘንድ ነውር የሆነው ሌላው ዘንድ ደግ እንደ ሆነ ያያል። ስለዚህም ሌላው የማይጠይቀውን ይጠይቃል።

የዚህች ከተማ ታሪክም ከትምህርቱ ጋር የተያያዘ ነው። ኬኔትና ማሚ ክላርክ የተባሉ ጥቁር ባልና ሚስት ለሕፃናት ጥቁርና ነጭ አሻንጉሊት እያሳዩ ያደረጉት ጥናት፣ በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን ለይቶ ማስተማር ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሲፈርድ ከጠቀሳቸው ጥናቶች ጋር ይቆጠራል። የአትላንታው ልጅ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግም፣ በ1948 ከሞርሃውስ ኮሌጅ በሶሲዮሎጂ የተመረቀው ማለት ነው፣ በ1967 ዋሽንግተን ላይ ለአሜሪካ የሥነ ልቡና ባለሙያዎች ማኅበር ጉባኤ ንግግር አድርጓል። ሰው ከኅብረተሰቡ ጋር መስማማቱ ብቻ የጤንነት ምልክት አይደለም፣ ሊስማማቸው የማይገቡ ነገሮች አሉ፣ ከእነዚህም አንዱ የዘር ልዩነት ነው ብሎ አስረድቷቸዋል። እንግዲህ «የእብድ ትምህርት» የምንለው ይህን ያህል ሥራ ሠርቷል።

«ዐመሉ ነው» ከማለታችን በፊት

ከትምህርቱ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ እንድትሄዱ ብትፈቅዱልኝ ይህን እመርጣለሁ፦ ሰው ያደረገውን ነገር በጠባዩ ብቻ አንፍረድ፤ የቆመበትን ሁኔታም እንይ።

ምሳሌውን ከሥራዬ ላምጣ። 285 ላይ አንድ መኪና ያለ ምልክት ፊቴ ሲገባ «ባለጌ!» እላለሁ። ሌላ ጊዜ ግን አውሮፕላን ሊያመልጠው የደረሰ መንገደኛ ይዞ የሚከንፍ ሾፌር ብትጠይቁ፣ «ምን ላድርግ፣ ሰውዬው ቸኮለ» ይላችኋል። ለሌላው ጠባዩን፣ ለራሳችን ሁኔታችንን እንጠቅሳለን። ሊ ሮስ የተባለ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ምሁር በ1977 ለዚህ ስሕተት ስም አውጥቶለታል፤ የፍርድ ሁሉ መሠረታዊ ስሕተት ነው ይለዋል።

በማኅበራችንም ያው ነው። አንድ አባል ስብሰባ ሲቀር «ኩራተኛ ነው» ይባላል። ሁለት ሥራ እንደሚሠራ የሚጠይቅ የለም። አንዲት እኅታችን ስብሰባ ላይ ዝም ስትል «ምን አገባት፣ ግድ የላትም» ይባላል። ተናግራ እንደ ነበርና ማንም እንዳልደገፋት የሚያስታውስ የለም። ጠባይን መለወጥ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። ሁኔታን መለወጥ ግን በአንድ ስብሰባ ይቻላል። ይህን ትምህርት የምወደው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሉኝታ ሲመረመር

ፈረንጆቹ በብዙ ቃል የሚገልጹትን እኛ በአንድ ቃል እንጨርሰዋለን፤ ይሉኝታ እንላለን። «ምን ይሉኛል?» ማለት ነው። ይሉኝታ መጥፎ ነገር ብቻ አይደለም። ልጅ አዋቂ ፊት እንዳይባልግ፣ ጎረቤት ለቅሶ እንዳይቀር፣ ተበዳሪ ብድሩን እንዲመልስ የሚያደርገው ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ቢስ ማለት በእኛ ዘንድ ከባድ ስድብ ነው። ሆኖም ይሉኝታ ከመጠን ሲያልፍ ዓይናችን ያየውን እንኳ ያስክደናል።

ይህንን በሙከራ ያሳየው ከላይ የጠቀስኩት ሰለሞን አሽ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አንድ ወጣት ተማሪ ከሌሎች ጋር ክፍል ውስጥ ያስቀምጥና አንድ መሥመር ያሳያቸዋል። ከዚያ ሦስት መሥመሮች አቅርቦ «ከእነዚህ የትኛው ከመጀመሪያው ጋር እኩል ነው?» ይላል። መልሱ ሕፃን የማይስተው ግልጽ ነገር ነው። ነገር ግን ከአንዱ ተማሪ በቀር ሌሎቹ በሙሉ አስቀድመው ከአሽ ጋር የተስማሙ ስለ ነበሩ፣ በየተራቸው ሆን ብለው የተሳሳተውን ይመልሳሉ። ተራው የሚደርሰው ያ ምስኪን ምን ይበል? ከተሰጡት መልሶች ሲሶ ያህሉ የብዙኃኑን ስሕተት የተከተሉ ሆኑ። ከአራቱ ተማሪዎች ሦስቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው ጓደኞቻቸው ያሉትን አሉ። ከአራቱ አንዱ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዓይኑ ያየውን ብቻ ተናገረ።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ሰው ፈሪ ነው» ብሎ ይሄዳል። ከዚህ የሚበልጠው ነገር ቀጥሎ የመጣው ነው። አሽ ከተስማሙት መካከል አንዱን ብቻ እውነቱን እንዲናገር ባደረገ ጊዜ፣ ብዙኃኑን መከተል ከመቶ አምስት ወደሚሆን ቁጥር ወረደ። አንድ ሰው ብቻ! ያ ተማሪ ጠባዩ አልተለወጠም፣ ደፋር አልሆነም፣ ምክርም አልተሰጠውም። አጠገቡ አንድ ሰው ስለ ቆመ ብቻ ዓይኑን አመነ።

እንግዲህ በማኅበራችን ስብሰባ ስንት ጊዜ ሁላችን በልባችን «ይህ ነገር ልክ አይደለም» እያልን እጃችንን አውጥተን ደግፈናል? ከስብሰባው በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ የሚካሄደው ሁለተኛ ስብሰባ ከመጀመሪያው የረዘመበት ቀን ብዙ ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚል ተረት አለን። ዝም ባለ ስብሰባ ውስጥ ግን ሐሜት ይገባል፤ ሐሜት ከዝንብ የከፋ ነው።

የሁሉ አደራ የማንም አደራ

በ1964 ኒው ዮርክ ውስጥ ኪቲ ጄኖቪስ የተባለች ወጣት ሌሊት ከሥራ ስትመለስ ቤቷ አጠገብ ተገደለች። ኒው ዮርክ ታይምስ 38 ሰዎች እያዩ አንዱም አልረዳትም ብሎ ጻፈ። ታሪኩ የተጋነነ እንደ ነበር ኋላ ታወቀ፤ ጋዜጣውም ራሱ በ2016 ይህንኑ አምኗል። ይሁንና በጊዜው የተነሣው ወሬ ጆን ዳርሊንና ቢብ ላታኔን አንድ ጥያቄ እንዲጠይቁ አደረጋቸው። ተመልካች ሲበዛ እርዳታ ይበዛል ወይስ ይቀንሳል?

በ1968 ባወጡት ጥናት፣ ተማሪዎችን በየክፍሉ ለየብቻ አስቀምጠው በድምፅ ማጉያ እንዲነጋገሩ አደረጉ። በመካከሉ አንደኛው ተናጋሪ የሚጥል በሽታ የያዘው መስሎ እርዱኝ እያለ ይጮኻል፤ በቴፕ የተቀዳ ድምፅ ነበር። «የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ» ብለው ካሰቡት ከመቶ 85ቱ ጩኸቱ ሳያበቃ ለእርዳታ ወጡ። «ሌሎች አራት ሰዎችም ሰምተዋል» ብለው ካሰቡት ግን የወጡት ከመቶ 31 ብቻ ናቸው። የቀሩት ጨካኞች አልነበሩም፤ ሲጨነቁና ሲንቀጠቀጡ ታይተዋል። ነገር ግን አደራው ለአምስት ተከፍሎ እያንዳንዱ እጅ ላይ አንሶ ነበር።

ይህ ነገር የፈረንጅ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሙያ ባልደረባችን ከኤርፖርት ወረፋ ቀረ። ብቻውን የሚኖር፣ ዝምተኛ፣ ከማንም የማይጣላ ሰው ነው። በማግሥቱም አልመጣ። ቁጥሩ ከአርባ በማያንስ ሰው ስልክ ውስጥ አለ። በአምስተኛው ቀን ሁላችን ጋሼ የምንላቸው አንድ አዛውንት ሾፌር «ያ ልጅ የት ጠፋ?» ብለው ጠየቁ። አንዱ «እገሌ የደወለለት መስሎኝ ነበር» አለ። እገሌ የተባለውም «ሠፈርህ አይደል እንዴ፣ አንተ የምታውቅ መስሎኝ» አለ። ጋሼ ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቁም፤ መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ። ልጁን ስኳር ጥሎት አልጋው ላይ አገኙት። ሆስፒታል በሰዓቱ ደርሶ ተረፈ፤ ዛሬ ከእኛው ጋር ይሠራል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ክፉ ሰው አልነበረም። የጎደለው ሰው ሳይሆን በስም የተሰጠ አደራ ነበር።

አባቶቻችን ይህንን ዩኒቨርሲቲ ሳይገቡ ያውቁት ነበር። ዕድርን ተመልከቱ። ዕድር «ሐዘንተኛውን ሁላችሁም እርዱ» ብሎ አይተውም። ጥሩምባ ያስነፋል፣ ድንኳን የሚተክለውን ይመድባል፣ ስም ይጠራል፣ የቀረውን ይቀጣል። ዕቁብም እንደዚሁ የእያንዳንዱ ስምና ተራ የተጻፈበት ነው። በቀድሞው ዘመን ሌባ ሲጠፋ የሚደረገው አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታም የአካባቢው ሰው በሙሉ እንዲሰበሰብና የቀረው መቀጮ እንዲከፍል ያስገድድ ነበር። «ሌላው ይናገር» ብሎ ቤት መቀመጥ እንዳይቻል ነው። እዚህ አገር ግን ሁላችን በፈረቃ የምንኖርና በየአፓርታማው የተበተንን ሰዎች ነን። ጥሩምባው የለም፤ የሚነፋ ካልመደብን አይነፋም።

እኛና እነርሱ

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። በአገራችን ሰሜን ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት ጊዜና ከዚያም ወዲህ፣ እዚህ አትላንታ ውስጥ በአንድ ጠረጴዛ ቡና ይጠጡ የነበሩ ሰዎች ጠረጴዛ ሲለዩ ሁላችን አይተናል። በኤርፖርቱ የታክሲ መቆያ ዐሥራ አምስት ዓመት አብረው ወረፋ የጠበቁ ሰዎች ሰላምታ ተነፋፍገዋል። ማን ትክክል ነው የሚለውን ለመፍረድ አልተነሣሁም። ትምህርቱ ስለዚህ ምን ይላል የሚለውን ብቻ ልናገር።

ሙዛፈር ሸሪፍ በ1954 ኦክላሆማ ውስጥ በአንድ የበጋ ካምፕ 22 ልጆች በሁለት ቡድን ከፍሎ አስቀመጠ። ልጆቹ ሁሉም አንድ ዓይነት አስተዳደግ የነበራቸው፣ ቀድሞ የማይተዋወቁ ነበሩ። ሽልማት ያለው ውድድር ሲጀመር ጥቂት ቀን ሳይቆይ መሰዳደብ፣ ባንዲራ ማቃጠልና ድብድብ መጣ። ከዚያ አንድ ላይ ፊልም ማሳየትና አብሮ ማብላት ቢሞከር ጠቡ አልበረደም፤ ጭራሽ ምግብ መወራወር ሆነ። የበረደው የካምፑ ውኃ ሲቋረጥና ምግብ ሊያመጣ ነው የተባለው መኪና አልነሣ ሲል ነው። ሁለቱም ወገን ካልተባበረ የማይሆን ሥራ ሲመጣ፣ በአንድ ገመድ መኪናውን ጎተቱ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የምንለው ማለት ነው።

ከዚህ ሙከራ በፊት ግን በ1953 ሸሪፍ ሌላ ካምፕ አካሂዶ ነበር። በዚያኛው ልጆቹ ከመከፈላቸው በፊት ለጥቂት ቀናት አብረው ሰንብተው ተዋውቀው ነበር። ከተከፈሉ በኋላ አዋቂዎቹ ለማጣላት ቢሞክሩ ልጆቹ አልጣላ አሉ፤ እንዲያውም ነገሩን ጠረጠሩና ሙከራው ቆመ። አስቀድሞ የተዋወቀን ሰው መለያየት ከባድ እንደ ሆነ ከዚህ እንረዳለን። አገራችንም በዚህ መስክ የራስዋ ምሁራን አሏት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማኅበራዊ ሥነ ልቡና ያስተማሩት ፕሮፌሰር ሀብታሙ ወንድሙ ስለ ኢትዮጵያ ወጣቶች የብሔር ማንነትና አንዱ ስለ ሌላው ስላለው ግምት አጥንተዋል። የእኛን ችግር በእኛው ቋንቋ የመመርመሩ ሥራ ተጀምሯል ማለት ነው። የሚቀጥሉት ልጆቻችን ናቸው።

ትምህርቱን እንደ ቅዱስ መጽሐፍ አንያዘው

አንድ ነገር ካልተናገርኩ አደራዬን አልተወጣሁም። ይህ ትምህርት የራሱ ጉድለት አለበት። በ2015 ብዙ ተመራማሪዎች ተባብረው መቶ የታወቁ የሥነ ልቡና ጥናቶችን እንደገና ሲሠሩ፣ እንደ መጀመሪያው አሳማኝ ውጤት ያገኙት በ36 ከመቶው ብቻ ነው። በማኅበራዊው ዘርፍ ቁጥሩ ከዚህም ያነሰ ነበር። በ2010 የወጣ ሌላ ጽሑፍ ደግሞ፣ ከተጠኑት ሰዎች ከመቶ 96ቱ የዓለምን ሕዝብ 12 ከመቶ ብቻ ከያዙ አገሮች የመጡ መሆናቸውን አስታወሰ። የሰው ልጅ ጠባይ እየተባለ የተጻፈው አብዛኛው የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪ ጠባይ ነው ማለት ነው። እንዲሁም በ2019 በአምስተርዳም፣ በኬፕታውንና በላንካስተር የመንገድ ካሜራዎች የቀረጹትን ጠብ የመረመሩ ሰዎች፣ ከአሥሩ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ አላፊ አግዳሚ ለመገላገል እንደ ገባ አግኝተዋል። ሰው እንደሚባለው ያህል ጨካኝ አይደለም። እኔ በበኩሌ፣ ተሳስቼ ነበር ብሎ ራሱን የሚያርም ትምህርት ያኮራኛል።

ለመማር ለምታስቡ

ልጆቻችሁ ወይም እናንተ ራሳችሁ ይህንን ለመማር ብታስቡ፣ ያየሁትን በአጭሩ ልናገር። ከእኛ ብዙዎቻችን ከምንኖርበት ከክላርክስተን ሩቅ ሳይወጣ የሚጀመር ነው። ድሮ ዲካልብ ኮሌጅ፣ ኋላ ጆርጂያ ፔሪሜትር የተባለው ኮሌጅ በ2016 ከጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተዋሕዷል፤ ክላርክስተንም ካምፓስ አለው። የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት እዚያ ጨርሶ ወደ ዳውንታውኑ ዩኒቨርሲቲ መሻገር ይቻላል። የጆርጂያ ነዋሪ የሆነ ልጅ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ 3.0 አማካይ ውጤት ካመጣ፣ ከ1993 ጀምሮ በሎተሪ ገቢ የሚከፈለውን ሆፕ የተባለውን ስኮላርሺፕ ሊያገኝ ይችላል። በተጨማሪም 62 ዓመት የሞላቸው የጆርጂያ ነዋሪዎች፣ በክፍሉ ቦታ ካለ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ያለ ትምህርት ክፍያ መማር ይፈቀድላቸዋል። እናቶችና አባቶች፣ ይህ ለእናንተ ነው፤ ዝርዝሩን ከኮሌጁ መዝጋቢ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ትምህርቱ ተረት መስማት አይደለም። በመጀመሪያ አጠቃላይ ሳይኮሎጂ፣ ቀጥሎ ስታትስቲክስና የጥናት ዘዴ ይመጣል፤ ብዙ ተማሪ የሚሸሸው በስታትስቲክሱ ነው። ግን ያለ እርሱ ከላይ የጠቀስኳቸውን ቁጥሮች እውነትና ሐሰት መለየት አይቻልም። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ሳይኮሎጂስት እንደማይኮንም ይታወቅ፤ በጆርጂያ ለፈቃዱ የዶክትሬት ዲግሪ ያስፈልጋል። ሆኖም በመጀመሪያ ዲግሪ በስደተኞች ድርጅት፣ በሠራተኛ አስተዳደር፣ በገበያ ጥናትና በመሳሰለው መሥራት ይቻላል። ከሥራው ይልቅ ግን ዐዋቂ ሆነን የተማርን ሰዎች የምናተርፈው ሌላ ነገር አለ። ታክሲ ውስጥ በቀን ከምናጓጉዛቸው ሰዎች፣ ከባለቤታችን፣ ከልጆቻችን ጋር ስንነጋገር ከመፍረዳችን በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ እንለምዳለን።

ለማኅበራችን

አሁን ወደ መጨረሻው ደረስኩ። ይህን ሁሉ ሰምተን ማኅበራችን ለሁለተኛው አሥር ዓመት ምን ያድርግ? አራት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ አደራ በስም ይሰጥ። እያንዳንዱ አባል ሁለት ሰው ይመደብለት፤ ሳምንት ሳይታይ ከቀረ እንዲደውሉና ካልመለሰ በሩን እንዲያንኳኩ። በተለይ ብቻቸውን ለሚኖሩት ይህ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

ሁለተኛ፣ በከባድ ጉዳይ ላይ እጅ ከማውጣታችን በፊት እያንዳንዱ ሐሳቡን በወረቀት ይጻፍ፤ ሊቀመንበሩም ሐሳባቸውን በመጨረሻ ይናገሩ። በየስብሰባው ደግሞ በተራ አንድ ሰው ተቃራኒውን ሐሳብ እንዲያቀርብ ይመደብ። ያን ጊዜ ተቃውሞው የኮሚቴ ሥራ እንጂ ጠብ አይሆንም፤ እውነቱን በልቡ የያዘው ሰውም አጠገቡ የሚቆም አያጣም።

ሦስተኛ፣ የተለያየነውን ሰዎች ለማስታረቅ ግብር አብልተን ብቻ አንለያይ፤ ማንም ወገን ለብቻው የማይችለው ሥራ ይኑረን። አስከሬን ወደ አገር ቤት የመላኪያ መዋጮውና የልጆች የቅዳሜ ማስጠኛ የአንዱ ወገን ብቻ ሳይሆኑ፣ ተነፋፍገው የነበሩት ሰዎች በአንድ ገመድ የሚጎትቱት ይሁኑ። ልጆቻችንም ገና ሳይከፋፈሉ ይተዋወቁ።

አራተኛ፣ ንግግር ይቀንስ፣ ውይይት ይብዛ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ሥጋ አጥሮ ስለ ነበር፣ መንግሥት እመቤቶች ልብና ኩላሊት ለቤተሰባቸው እንዲሠሩ ፈለገ። ዱለት ለሚያውቅ ሰው ይህ ችግር ሆኖ መታየቱ ያስቃል፤ ለእነርሱ ግን ትልቅ ነውር ነበር። ከላይ የጠቀስኩት ኩርት ሌዊን ለአንዳንዶቹ ቡድኖች ጥሩ ንግግር እንዲደረግላቸው፣ ለሌሎቹ ደግሞ እርስ በርስ እንዲወያዩና እንዲወስኑ አደረገ። ንግግር ከሰሙት ሄዶ የሠራው ከመቶ ሦስት ብቻ ሲሆን፣ ተወያይተው ከወሰኑት ከመቶ 32 ያህሉ ሠሩ።

እንግዲህ የእኔም የዛሬው ንግግር ከሦስቱ ከመቶ ወገን ነው። ስለዚህ ከምሳ በፊት በየጠረጴዛችሁ እነዚህን አራት ሐሳቦች ተወያዩባቸው፤ የማይረባውን ጣሉ፣ የተሻለ ካላችሁ ጨምሩ። በመውጫው በር ላይ ባዶ ወረቀት ተቀምጧል። ስማችሁንና የምትደውሉላቸውን የሁለት ሰዎች ስም ጽፋችሁ ውጡ። ከሁለቱ አንዱ እስከ ዛሬ ሰላም የማትሉት ሰው ቢሆን የበለጠ ደስ ይለኛል።

 ማኅበራችን ለሃያኛ ዓመቱ ያብቃን።